ሁለት ጣት ከሜትሩ ሥር

መስከረም 12

ለድንቡሼ፣

የራሷን ቤት ትታ የሰው ቤት እሳት ልታጠፋ ለሄደችው ልጄ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽን፣ እንቅልፍሽን፣ እግርሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ ከጉልበቴና ከደንበኞቼ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

በስልክ ከአንቺ ጋር ማውራት አቅቶኛል። «ደህና ነኝ እቴቴ» ትያለሽ፣ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን ገጹን ካልሞላሽው ስለሚያሳፍርሽ የሆነ ነገር ያመልጥሻል። ስለዚህ ጻፊልኝ።

ወሬው ይኸውልሽ። ታናሽሽ ልታገባ ነው። አዎ፣ የእኔዋ፣ ከአንቺ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተራገጠች ያደገችው። ግንቦት ላይ ነው። ልጁ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ እሷ ለሁለቱም ታወራለች። ሚዜዋ አንቺ ነሽ። አልጠየቀችሽም፣ ወስናለች። የሚዜዋን ልብስ ደግሞ ሌላ ሰው የሚሰፋው ከሆነ ሱቄን ዘግቼ ሽንኩርት እሸጣለሁ።

ጨርቁን ገዝቻለሁ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ሲይዙት ከበድ ይላል፣ ሲራመዱበት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ልክሽን ላኪልኝ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ አንገትም ጨምሪ፣ ክብ አንገት አስቤያለሁ። እንዳስተማርኩሽ ሁለት ጣትሽን ከሜትሩ ሥር አስገብተሽ ለኪ። ለአንገት አንድ ጣት ይበቃል። በሱሪ ላይ እንዳትለኪ፣ አውቅሻለሁ።

እቴቴ


ጥቅምት 3

ለውድ እቴቴ፣

ጉልበትሽን ስሜ እጀምራለሁ፣ ያመመሽን ማለቴ ነው። ለሙሽራዋም ንገሪልኝ፦ ሳልጠየቅ ተስማምቻለሁ።

ልኬ ይኸው። ደረት 96፣ ወገብ 78፣ ዳሌ 102፣ አንገት 33። ጣቶቼን አስገብቻለሁ። ሱሪዬንም አውልቄያለሁ።

ገጹን ሙይ ካልሽ ልሙላው። እዚህ አዲስ ሕግ መጥቷል። አለቃችን የእሳት አደጋ መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ እኛ ቦት ጫማችንን እያደረቅን ሳለ አነበበልን። ከአሁን በኋላ እሳት ላይ የምትወጣ ሴት የሰውነቷ ስብ ከሃያ ስምንት በመቶ መብለጥ የለበትም። ለወንዶቹ ሌላ ቁጥር አላቸው። ጥር መጨረሻ ሁላችንም እንለካለን፣ ከቁጥሩ የበለጠ ከመኪናው ይወርዳል። «ሥራዬን መቻሌስ አይታይም ወይ?» ብዬ ብጠይቅ «እሱ ሌላ ፈተና ነው» አለኝ።

የሚለኩት በምን መሰለሽ? በሜትር! ያንቺው ዓይነት ቢጫ ሜትር። የሴት ወገብና ዳሌ ይደመራል፣ አንገት ይቀነሳል፣ ከቁመትሽ ጋር ሠንጠረዥ ላይ ፈልገሽ ስብሽን ታገኚዋለሽ። የወንድ ግን ወገቡ ብቻ ነው፣ ከእሱ ላይ አንገቱ ይቀነስለታል። ሾፌራችንን ብታይው፣ ሆዱ ከመሪው ጋር ሲጣላ ነው የሚውለው፤ አንገቱ ግን ከጭንቅላቱ ይሰፋል። ለሙከራ ቢለኩት አንገቱ ሆዱን ሰረዘለትና አለፈ! እኔ አንገቴ ያንቺ የአክስቴ ነው፣ ቀጭን። ዳሌዬ የእናቴ።

የአለካክ መመሪያም አድለውን ነበር። መለካት ለእኔ ነው የሚያስተምሩኝ? ሠንጠረዡን ብቻ ቀድጄ ወሰድኩና የቀረውን እዚያው ጣልኩት። ቤቴ ገብቼ ለካሁ። ሠላሳ አንድ!

አልዋሽሽም፣ ተናደድኩ። መለማመጃው ሜዳ ላይ የምንጎትተው የሰው ቅርጽ ያለው ከባድ አሻንጉሊት አለ፤ ሰው ከጭስ ውስጥ ማውጣት መቻላችንን የሚያዩበት። እሱን ከወንዶቹ ግማሹን ቀድሜ የማደርስ እኔ ነኝ። አሁን ይህ ዳሌ «ስብ ነው» ተብሎ ከመኪና ሊያስወርደኝ ነው። እስከ ጥር ግን ጊዜ አለኝ፣ አወርደዋለሁ። አንቺ አታስቢ።

ድንቡሼ


ጥቅምት 29

ለድንቡሼ፣

እንደ ጻፍሽው ሁሉ ደህና ያድርግሽ፤ ያልጻፍሽውንም ደህና ያድርገው።

ጨርቁን ቆርጬ በረጅሙ አያይዤዋለሁ። ያንን ዳሌ ያገኘ ጨርቅ ሲወድቅ እንዴት እንደሚያምር እኔ ነኝ የማውቀው። በመቶኛ የሚለካ ስብ እስከ ዛሬ የማውቀው የወተት ነው። አሁን ሰውም እንደ ወተት ሆነ? ለመሆኑ ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ቱቦ ተሸክሞ ደረጃ ወጥቶ ያውቃል? የዳሌሽን ስም አታጥፊብኝ፤ የእናትሽ ነው፣ እሷ ደግሞ በዚያ ዳሌ ውኃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ማንም አልለካትም።

እንግዲህ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ፣ ሦስቱንም መልሺልኝ። ምን ትበያለሽ? በደንብ ትተኛለሽ? ወርሽስ በጊዜው ይመጣል? ዓይንሽን አታፍጪብኝ። ለመቀጠር ብለሽ ስትሮጪ የከረምሽ ጊዜ ቀርቶብሽ እንዴት እንደተጨነቅን አልረሳሁም።

ሙሽራዋ ሰላም ብላሻለች። ትናንት ቀሚሷን ስለካላት እየሳቀች ስታስቸግረኝ መርፌ ወጋኋት። ሆን ብዬ አይደለም።

እቴቴ


ኅዳር 21

ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፣ ጊዜዬ ትንሽ ነው፣ ይቅር በይኝ።

ልኬ ተለውጧል። ደረት 92፣ ወገብ 75፣ ዳሌ 99። ደስ አይልም? አጥብቢው።

ጥያቄሽን ልመልስ። እበላለሁ። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ሰላጣ፣ ማታ ብዙም አያሰኘኝም። እተኛለሁ።

ለማረጋገጥ ብዬ አንድ ሚዛን ገዛሁ። በባዶ እግርሽ ትቆሚበታለሽ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ በእግርሽ ያሳልፋል፣ ስብሽን ይነግርሻል። ጠዋት ሃያ ስድስት ይለኛል፣ ከልምምድ ስመለስ ሃያ ስምንት፣ ውኃ ስጠጣ ደግሞ ሌላ። ሾፌሩ ወጥቶበት ሃያ አራት ሲለው «አየሽ፣ ስፖርተኛ ነኝ» አለኝ። አልጋ ሥር ከተትኩት። ሜትር ይሻላል፤ ሜትር አይዋሽም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

በሜትር ገና ሃያ ዘጠኝ ነኝ። እንደዚህ እየተራብኩ እንዴት ሃያ ዘጠኝ ላይ እቆማለሁ? ንገሪኝ እስኪ። ባለፈው ሳምንት አምስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣን፣ ደረጃው ትንሽ ረዘመብኝ። ጓደኞቼ ቱቦውን ተቀበሉኝ። ምንም አይደለም፣ ጭስ ነው።

ድንቡሼ


ታኅሣሥ 12

ለድንቡሼ፣

ከነጭሱም ከነደረጃውም ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት። ወገብ ይቀንሳል፣ ዳሌም ይቀንሳል፣ እሺ። ደረት አራት ሴንቲ ምን ወሰደው? እሳት የሚጠፋው በደረት ነው እንዴ?

ሦስት ጠየቅኩሽ፣ ሁለት መለስሽ። እሱም ሰላጣን ምግብ ካልነው ነው። ሦስተኛውን ረስተሽው እንዳይመስለኝ፣ ደብዳቤዬን እንዳነበብሽው አውቃለሁ።

ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ሽቶም አትላኪልኝ፣ የእጅ ክሬምም አትላኪልኝ። ፎቶ ላኪልኝ። ሙሉ ቁመትሽ የሚታይበት። እንዳትረሺ።

እቴቴ


ጥር 1

ለእቴቴ፣

ደህና ነኝ። ፎቶ ይኸው።

ደረት 88፣ ወገብ 72፣ ዳሌ 96፣ አንገት 31። አልፌያለሁ! እንዲያውም ለመጠባበቂያ ብዬ ትንሽ ጨምሬ ቀንሻለሁ፣ የሚለካው ሰው እጁ ቢላላብኝስ? ሃያ ስድስት ነኝ። እንግዲህ ስትሰፊው እንዳታሰፊው።

ብርድ ነው። ጓንት ለብሼም ጣቶቼ አይሞቁም። ለጥር መጨረሻ የቀረው ጥቂት ነው፣ ከዚያ በኋላ እበላለሁ።

ድንቡሼ (የነበረችው)


ጥር 18

ልጄ፣

ሰላምታውን በልብሽ ሙይው፣ እኔ ተናድጃለሁ።

ፎቶ ብልሽ ካፖርትና የብረት ቆብ ፎቶ አንስተሽ ላክሽልኝ። መሀል ላይ ሁለት ዓይን ይታያል፤ ያንቺ መሆኑን በቅንድቡ ነው የለየሁት። እኔን ማታለልሽ ነው? ያ ካፖርት ደረቱ ላይ እንዴት እንደተንጠለጠለ አላይም ብለሽ ነው? ትከሻው ወርዶ ክንድሽ ላይ ደርሷል።

ልብሱን እንደገና ተርትሬ አጠበብኩት። ሱቅ የሚገባው ሁሉ «ለትንሽ ልጅ ነው?» ይለኛል። ሠላሳ ዓመት የሞላት እሳት አጥፊ ናት ስል ይስቃሉ። እኔ አልሳቅኩም።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬያለሁ። የሚወፍር ሰው አለ፣ የሚቀጥን ሰው አለ፣ ልቡ ደስ ብሎት እስከሆነ ድረስ ጨርቄን ከማስተካከል በቀር አያገባኝም። እንዲህ ከላይም ከታችም እኩል ስታልቅ ያየኋት ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት። የመጨረሻዎቹን ልብሶቿን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፣ አንቺም ታስታውሻታለሽ። ከዚህ በላይ ስለ እናትሽ አልጽፍም።

«ድንቡሼ የነበረችው» ብለሽ ሁለተኛ እንዳትፈርሚልኝ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ መሻርም ካለበት የምሽረው እኔ ነኝ።

ብይ።

እቴቴ


ጥር 29

ለእቴቴ፣

በሰላም ይድረስሽ። እኔ በሰላም አልጻፍኩትም።

ዛሬ ተለካን። የምትለካው ነርስ ናት፣ አጭር፣ እጇ የሚሞቅ። ሜትሩን ቆዳዬ ላይ አሳረፈችው፤ ሳታጠብቅ፣ ሳታላላ። ጠበቅኳት። ቁጥሩን ልትጽፍ ስትል «ጣትሽንስ?» አልኳት።

«የምን ጣት?» አለችኝ።

«ሁለት ጣት አይገባም?»

«ልብስ ነው እንዴ የምሰፋልሽ?» አለችና ሳቀች።

ሃያ ሁለት! ነርሷ ሳቋን ተወችና ቀና ብላ አየችኝ። ይህ ነገር ከመጀመሪያውም ግምት ነው አለችኝ፤ ሜትር ጡንቻን ከስብ አይለይም፣ ሁለት ሦስት በመቶ ወዲህም ወዲያም ሊስት ይችላል። ደግሞ ሴት ብዙ የምትንቀሳቀስ ብትሆንም ስብ ያስፈልጋታል፤ የምትበላው ከምትሠራው በጣም ሲያንስ ሰውነቷ መቆጠብ ይጀምራል፣ መጀመሪያ የሚዘጋውም ለዛሬ የማይፈልገውን ነገር ነው አለች። «ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥሩ ነው ያለሽ ማነው?» አለችኝ። ማንም አላለኝም። ሜትሩ ቆዳ ላይ ይረፍ የሚለው እዚያ የጣልኩት መመሪያ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው አሳየችኝ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ።

ጥቅምት የለካሁትን መልሼ አሰላሁት፣ የጣቶችሽን ቀንሼ። ሃያ ሰባት ከምናምን ነበርኩ። ገና ሳልጀምር አልፌ ነበር እቴቴ! አንድ እንቁላል ሳልተው፣ አንድ ቀን ሳልራብ አልፌ ነበር!

ከሰዓት በኋላ የአሻንጉሊቱ ፈተና ነበር። ከብብቱ ሥር ያዝኩት፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ ኋላ ሳብኩት። ሜዳው መሀል ላይ እጄ ለቀቀኝ። እንደገና ያዝኩት፣ ጉልበቴ እምቢ አለ። ሁሉም እያዩኝ አሻንጉሊቱ ጭን ላይ ቁጭ አልኩ። ሾፌሩ ብቻ ፊቱን አዞረልኝ።

አለቃዬ «በሜትሩ አንደኛ ወጣሽ፣ በሥራው ወደቅሽ» አለኝ። ድጋሚ ፈተና እስኪሰጠኝ ስልክ ክፍል ነኝ። ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ይደውልልኛል፣ እኔ አድራሻ እጽፋለሁ፣ መኪናው ያለ እኔ ሲወጣ በመስኮት አያለሁ። ድጋሚ ከወደቅኩ እዚሁ እቀራለሁ።

እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ ሁለቱ ጣቶችሽ ናቸው። ልጅ ሆኜ ሳላስገባ ስለካ እጄን በሜትር እየመታሽ ነው ያስተማርሽኝ። ልብሱን ተይው። ለሠርጉም መምጣቴን እንጃ።


የካቲት 20

እቴቴ፣

የጥር ወር ደብዳቤዬ ደርሶሽ ከሆነ ዝም አትበይኝ። ካልደረሰሽ ደግሞ ሲደርስሽ አታንብቢው።

ድ.


መጋቢት 15

ለእቴቴ፣

ሰላምታዬን ከተቀበልሽልኝ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ካልተቀበልሽኝም እዚያው የስፌት መኪናሽ ላይ አስቀምጪልኝ።

ሙሽራዋ ደውላልኝ ነበር። «እናቴ ደብዳቤሽን በየቀኑ ታነብና ትጣላዋለች» አለችኝ። መልስሽን ስጠብቅ ይኸው ወር ተኩል ሆነኝ። ስለ ጣትሽ የጻፍኩት ብስጭት ነበር። አሁንም አልወጣልኝም፣ ግን አንቺን ማን አድርጌ ነው የምበሳጭብሽ።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። ከኅዳር ጀምሮ ቀርቷል። ሳትጠይቂኝ በፊት ገና እየዘገየ ነበር፣ ስትጠይቂኝ ደግሞ ብጽፍልሽ እውነት ሊሆንብኝ ሆነ። ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። ያንቺን ያህል አልተቆጣችኝም። ከሥራዬ ጋር የሚመጣጠን ካልበላሁ ችግሩ የወር አበባ ብቻ አይደለም፣ አጥንቴም ይሳሳል አለችኝ። ብይ፣ ሩጫውን ቀንሺ፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ተመልሰሽ ነይ አለች። የወር አበባዬ እስካሁን አልመጣም። በየጠዋቱ አያለሁ፣ የለም። እናቴን ስታነሺብኝ የተበሳጨሁትም ለዚህ ነው፣ እኔም በመስታወቱ ውስጥ ያየሁት እሷን ነበር።

መብላት ግን በልቻለሁ። ሾፌሩ ምሳ ይዞ ስልክ ክፍል ይመጣና እስክጨርስ ቆሞ ያየኛል፣ የቀረውን እሱ ሊበላው ነው መሰለኝ። መጀመሪያ ሆዴ እምቢ ይል ነበር። አሁን እኔው ነኝ መቼ ትመጣለህ የምለው።

ባለፈው ሐሙስ እንደገና ተፈተንኩ። አሻንጉሊቱን እስከ መጨረሻው አደረስኩት። እንደ ድሮው ቀድሜ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ እያቃሰትኩ ነው፣ ግን መስመሩን አልፌ ነው የለቀቅኩት። ነርሷም ለካችኝ፣ ሃያ አምስት። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያቺን የመሰለች ሃያ ሁለት አበላሸሻት!» ሕጉ ሃያ ስምንት ነው! ራሱ ነው ያነበበልን! ቱቦ በእጄ አለመኖሩ በጀው። ሰኞ መኪናው ላይ ነኝ።

ለሠርጉ እመጣለሁ። ልብሱ ግን እንደማይሆነኝ አውቃለሁ፤ ዳሌዬ ተመልሷል፣ ደረቴም እየመጣ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስታጠቢው ከርመሻል፣ ጨርቁም አልቋል። እዚህ የተዘጋጀ አረንጓዴ እገዛለሁ፣ አትልፊ።

ድንቡሼ


ሚያዝያ 2

ለድንቡሼ፣

ሰላምታዬ ከነኩርፊያዬ ይድረስሽ። ሁለቱንም ተቀበይ።

ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አታንብቢው ያልሽኝንም አንብቤዋለሁ። ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም፤ የጻፍኩትን ሁሉ ስቀድ ነው የከረምኩት። አንደኛው ስድብ ብቻ ነበር፣ ሌላው ለቅሶ ብቻ። ሁለቱም የሚላኩ አልነበሩም።

እኔ ልብስ እንድትለኪ አስተማርኩሽ። ስብ ለኪበት አላልኩሽም። መመሪያ ሲሰጡሽ «ለእኔ ነው የሚያስተምሩኝ?» ብለሽ መጣልሽን ግን፣ እሱን ከእኔ ወርሰሽው ነው። ሙሽራዋ ይህን ሳነብላት «እናቴን ቁርጥ!» ብላ ሳቀችብኝ።

የሦስተኛውን መልስ ያነበብኩ ቀን ሱቄን አልከፈትኩም። ሐኪሟ ያለችሽን አድርጊ፣ ስትመለሺ ምን እንዳለችሽም ጻፊልኝ፣ ክፉም ቢሆን። በስልክ ደህና ነኝ እንዳትዪኝ። ሾፌሩን ፈጣሪ አንገቱን ያብዛለት በይልኝ። አለቃሽ ደግሞ ወደዚህ ከመጣ ሱሪ እሰፋለታለሁ፣ መቀመጫው ላይ መርፌ ረስቼ።

የተዘጋጀ እገዛለሁ ላልሽው ግን፣ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር እንዲህ የሰደበኝ ሰው የለም። ጨርቁ አልቋል ያለሽ ማነው? አጠበብኩት እንጂ ቆረጥኩት አልኩሽ? ቀንሺ ባልሽኝ ቁጥር ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የሰፋሁት። መጨረሻ ላይ ውስጡ ከውጪው በልጦ ነበር። ታናሽሽ «ቁረጪው እንጂ፣ አብጦ ያስጠላል» ስትለኝ «ባለቤቷ ትመለሳለች» አልኳት። ያኔ በንዴት ነው ያልኩት፣ እርግጠኛ ሆኜ አልነበረም። መቀሱን ይዤ የቆምኩበት ቀንም ነበር። መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት።

ትናንት ሁሉንም ተረተርኩት። ጨርቁ እንዳለ አለ። የድሮው ስፌት መስመር ትንሽ ይታያል፣ በካውያ ይጠፋል።

ከእንግዲህ ቁጥር አትላኪልኝ፣ የወገብሽንም የመቶኛሽንም። ከሠርጉ ሳምንት ቀደም ብለሽ ነይና መስታወቱ ፊት ቁሚልኝ፣ ራሴ እለካሻለሁ። ነርሷ የፈለገችውን ትበል፣ ሁለት ጣቴን አስገባለሁ። ልብሱን ለብሰሽ ትበያለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ ትተነፍሻለሽ።

እቴቴሽ